የፓይተን ፓኬጅ ስትሠሩ እነዚህን ተጠንቀቁ

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ፓይተንን አንዴ ገንብቶ በዴብ ፓኬጅ (ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚጫንበት ፋይል) ማዘጋጀት ትልቅ እፎይታ ነው። ባሕር ዳር የተሠራው ፋይል በፍላሽ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፣ የትምህርት ቤቱ ላብ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ላይ ሁሉ ይጫናል። ችግሩ ስህተቱም አብሮ መጓዙ ነው።

ከሁሉ በፊት የሲስተሙን ፓይተን አትንኩ! ኡቡንቱ 22.04 ፓይተን 3.10ን ይዞ ነው የሚመጣው። ጀማሪዎች 3.12 ይፈልጉና ፓኬጃቸው በቀጥታ የሲስተሙ ፓይተን ቦታ ላይ እንዲያርፍ ያደርጉታል። ፓኬጆችን የሚጭነው ዲፒኬጂ «ይሄ ፋይል የሌላ ፓኬጅ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። እዚህ ላይ ማቆም ነበረባቸው። እነሱ ግን የሆነ ቦታ ያዩትን የፎርስ ትእዛዝ ጨምረው በግድ ያስገቡታል። ለጊዜው የሠራ ይመስላል። በማግስቱ ተማሪው ተርሚናሉን ሲከፍት እምቢ ይለዋል። አስተማሪው አዲስ ሪፖዚተሪ (የፓኬጆች ምንጭ) ሊጨምር ሲሞክር «አፕት ፒኬጂ የሚባል ሞጁል የለም» የሚል መልእክት ይመጣል። የኡቡንቱ ተርሚናልና ብዙዎቹ የሲስተሙ መሣሪያዎች የሚነሡት በዚያው ፓይተን ነዋ! ሞጁሎቻቸውም ለ3.10 የተሠሩ ናቸው። ወገኖቼ፣ ዲፒኬጂ እምቢ ሲል እየጠበቃችሁ ነው። የራሳችሁን ፓይተን ኦፕት ፎልደር ውስጥ ለብቻው አስቀምጡት። ሁለቱ ጎን ለጎን ያለ ጠብ ይኖራሉ።

አዲስ ኡቡንቱ ላይ ገንብቶ ለአሮጌው መላክም የተለመደ ነው። 22.04 ላይ ያለው ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረታዊ ላይብረሪ) 2.35 ነው፣ 20.04 ላይ ግን 2.31። አዲሱ ላይ የተገነባው አሮጌው ላይ አይነሣም። አሮጌው ላይ መገንባትም ሁልጊዜ አያድንም፤ 20.04 የምስጠራ ላይብረሪውን ኦፕን ኤስኤስኤል 1.1ን ሲጠቀም 22.04 ወደ 3 ተሸጋግሯል። ለየቨርዥኑ እዚያው ላይ ገንቡ።

ግንባታው አለቀ ማለት ተሟላ ማለት አይደለም። የኦፕን ኤስኤስኤል ዴቭ ፓኬጅ (ለግንባታ የሚያስፈልጉት ፋይሎች ያሉበት) ከሌለ ፓይተን ያለ ኤስኤስኤል ሞጁል ይገነባል። የጎደሉትን ሞጁሎች መጨረሻ ላይ ይዘረዝራል፣ ግን ማን ያነበዋል? በኋላ የፓይተን ላይብረሪዎችን የሚያወርደው ፒፕ አንድ ላይብረሪ እንኳ ማውረድ ያቅተዋል።

ፕሪፊክሱን (ፓይተኑ የሚጫንበትን አድራሻ) የራሳችሁን ሆም ፎልደር አታድርጉት። የፒፕ ፋይል የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ያንን አድራሻ ይዞ ይቀራል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፎልደሩ የለም። ፋይሎቹን ለጊዜው ለመሰብሰብ ዴስትዲር የሚባል አማራጭ አለላችሁ።

የሙከራ እትም ከሆነ የፓኬጁ ቨርዥን ቁጥር ላይ ከ«አርሲ» (የሙከራ ምልክቱ) በፊት ~ አስገቡ። አለበለዚያ ዲፒኬጂ የሙከራውን ከዋናው 3.13.0 የበለጠ አዲስ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ፍላሹ ላይ የፓይተኑን ፋይል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆችም ጨምሩ። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ምንም ባልተጫነበት ቨርቹዋል ማሽን ላይ ኔትወርኩን አጥፍታችሁ ሞክሩት።