ገቢያችሁ ተቀይሮ ዝም አትበሉ

ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብዬ የወሎ ልጆችን የአሜሪካ ስኮላርሺፕ ፎርም ሳስሞላ ዓመታት አለፉ። የማወራው የቤተሰብን አቅም አይቶ ስለሚሰጠው ድጎማ ነው። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ እንደገና ያዩታል።

የሚያንጨረጭረኝ ዝምታ ነው። አንድ የሐይቅ ልጅ ነበር። ጅዳ ያለችው እህቱ በየወሩ የምትልከው ብር ፎርሙ ላይ ተሞልቷል። እሱ ኮሌጅ በገባ በዓመቱ እህቱ ተይዛ ባዶ እጇን ተመለሰች። ልጁ ትንፍሽ አላለም። ዕዳ ተቆልሎበት ለቀጣዩ ሴሚስተር አትመዘገብም ሲባል ደወለልኝ። ለምን ዝም አልክ ብለው፣ «ጋሼ፣ የቤት ገበና እንዴት ለፈረንጅ ይነገራል?» አይ አንተ ልጅ! የአባትህን በሬ ሳይቀር ቆጥረህ የሰጠሃቸው ሰዎች ናቸው እኮ። የኮሌጁ የድጎማ ቢሮ የሚያውቀው የነገርከውን ብቻ ነው። ነገሩ በተፈጠረ ሳምንት ኢሜይል ጻፍ። ምን ተለወጠ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በወር ስንት ብር ጎደለ። የሐዋላ ደረሰኞቹንም አያይዝ። ይጨምሩልሃል ብዬ አልምልም፤ ለውጭ ተማሪ በጀታቸው ጠባብ ነው። ክፍያውን በየወሩ ከፋፍለህ እንድትከፍል ሊፈቅዱልህ ግን ይችላሉ።

ገቢ ሲጨምር መደበቅ? አትሞክሩት። የተሰጣችሁንም ያስነጥቃል።

ሌላ ስኮላርሺፕ ስታገኙም ኮሌጁ ከራሱ ድጎማ ላይ ሊቀንስ ይችላል። ድግሱ ሳይደገስ ጠይቁ።

ምንዛሬም አለ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የአባት ደሞዝ ያው ነው፤ በዶላር ሲሰላ ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልጆች በራሳቸው ሒሳብ ወደ ዶላር ቀይረው ይሞላሉ፣ አንዱ በድሮው፣ አንዱ በአዲሱ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል፣ ማለትም ኮሌጆች የቤተሰብን አቅም የሚያዩበት የኢንተርኔት ፎርም፣ የሚሞላው እኮ በአገር ገንዘብ ነው! ብሩን በብር ጻፉ። ቤተሰብ በዶላር እከፍላለሁ ያለው ድርሻ በብር እጥፍ ሊሆን መቃረቡን ደግሞ በደብዳቤ አስረዱ።

የራሴን ልናገር። ጥቅምት 2014 ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ የአንዲት ተማሪ እናት ሱቅ ተዘረፈ። የቀበሌውን ደብዳቤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። «2014» የሚለውን እንዳለ አስቀመጥኩት። ቢሮው «ከ8 ዓመት በፊት የተዘረፈ ሱቅ ከዘንድሮ ገቢ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ መለሰ። ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ እንደገና እስክልክ ሦስት ሳምንት ሄደ። ልጅቱ ተሳክቶላት ሄዳለች፤ እናትየዋ ግን ቡና በጠጣን ቁጥር እስካሁን ታነሳብኛለች።