ማጂክን ለዛ የሚያሳጡ ስህተቶች

ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ የቀረበ፣ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው የካርድ ጨዋታ ነው። ከለመድነው ካርታ የሚለየው እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ዴክ (የሚጫወትበትን የካርድ ክምር) ከቤቱ ሠርቶ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሲሰለች ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ገና አንድ ካርድ ሳይሳብ ነው።

የመሬት ካርድ መሰሰት። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ ይህ ነው። ማና፣ ማለትም ካርድ ለማውረድ የሚከፈለው ኃይል፣ የሚገኘው ከመሬት ነው፤ ማና ከሌለ በእጅ ያለው ካርድ ተራ ወረቀት ነው። መሬት ግን እንደ ዘንዶ አያጓጓም፤ ከ60ው ካርድ 20ውን ብቻ መሬት አድርጎ ቀሪውን በፍጡር (በሚያጠቃና በሚያግድ ካርድ) መሙላት ያምራል። ሒሳቡ ግን አይምርም። በ20 መሬት፣ ከመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች መካከል መሬት ጨርሶ ያለመምጣቱ ወይም አንድ ብቻ የመምጣቱ ዕድል 25 በመቶ ገደማ ነው። በ24 መሬት ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። በ24 ይጀምሩ፤ አብዛኛው ካርድዎ ከ3 ማና የማይበልጥ ከሆነ ሁለት ሦስቱን መቀነስ ይችላሉ። ያም ሆኖ መጥፎ እጅ ከመጣ ይዞ መጽናት ጀግንነት አይደለም። ማሊጋን ይበሉ፦ 7ቱን መልሰው፣ በውዘው፣ እንደገና 7 ይስባሉ፤ ከዚያ አንዱን መርጠው ከዴኩ ሥር ያስገባሉ።

ከ60 ማለፍ። 60 ዝቅተኛው ቁጥር ነው፣ ከዚያ በላይ አልተከለከለም። ግን ከመሠረታዊ መሬት በቀር ከአንድ ካርድ የሚፈቀደው 4 ቅጂ ብቻ ነው። የሚወዱት ካርድ 4ቱም ቅጂ ቢኖር በ60 ካርድ ዴክ በመጀመሪያው እጅ ቢያንስ አንዱ የመገኘቱ ዕድል 40 በመቶ ገደማ ነው፤ ዴኩ 80 ሲሆን 31 በመቶ።

ውድ ፍጡር ብቻ መሰብሰብ። ሺቫን ድራጎን 6 ማና ይፈልጋል። በየተራው የሚወርደው መሬት አንድ ስለሆነ፣ ሌላ የማና ምንጭ ከሌለ ከስድስተኛው ተራ በፊት አይታሰብም። ተጋጣሚ በሁለተኛው ተራ ያወረደው ባለ2 ማናው ግሪዝሊ ቤርስ ግን የሚያግደው ካላገኘ ከሦስተኛው ጀምሮ በየተራው ጨዋታውን ከሚጀምሩበት 20 የሕይወት ነጥብ 2 ይቦጭቃል። ባለ2 ማና ፍጡር 8 ያህል ይኑርዎት፤ 5ና ከዚያ በላይ የሚፈልጉት ካርዶች ከአራት ከአምስት አይብለጡ።

ደርድሮ "በወዝኩ" ማለት። ጨዋታ ሲያልቅ መሬቶቹ አንድ ላይ ተከማችተው ይነሳሉ። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ በየክምሩ እየደረደሩ መሰብሰብ ቅደም ተከተሉን ያዛውረዋል እንጂ አይበውዘውም። ክምር የሚጠቅመው 60 መሙላቱን ለመቁጠር ነው፣ አንዴ ይበቃል። ከዚያ ዴኩን ለሁለት ከፍለው እርስ በርሱ እያስገቡ ቢያንስ 7 ጊዜ ይበውዙ፤ ለተጋጣሚም ይስጡት፣ ይቁረጠው።

ከጥቃት በፊት እጅን ማራገፍ። አዲስ የወረደ ፍጡር የተለየ ችሎታ ከሌለው በዚያው ተራ አያጠቃም። ታዲያ ለምን አስቀድመው ያሳዩታል? ተራው ከጥቃት በኋላም ካርድ የሚወርድበት ክፍል አለው። መጀመሪያ ያጥቁ። ያልተነካ 4 መሬት ፊት ለፊቱ የሚያይ ተጋጣሚ "ምን ይዞ ይሆን?" እያለ ማገዱን ያመነታል። የጨዋታው ጣዕም በአብዛኛው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በችኮላ ይጥለዋል።

አንድ ካርድ ፍለጋ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ የታሸገ ፓኬት መቅደድ። የሚፈልጉትን ካርድ ነጠላውን ይግዙ፣ ይረክሳል። ፓኬት የሚያምረው ለድራፍት ነው፦ ለያንዳንዱ ሰው 3 ፓኬት፤ ከፓኬቱ አንድ ካርድ መርጦ ቀሪውን ለጎረቤት ማሳለፍ፤ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ሁለተኛውን ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛውን እንደገና ወደ ግራ። ከመረጡት ካርድ የሚሠራው ዴክ 40 ካርድ ይሆናል፣ 17ቱ መሬት። አንደኛው ጓደኛ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት ዴክ ይዞ ሌላው በጀማሪ ዴክ ሲቸገር፣ ድራፍት ሁለቱንም እኩል ያስቀምጣቸዋል። ፓኬት ለመግዛት ካልተመቸ ደግሞ ከሁለት ጨዋታ በኋላ ዴክ ተቀያይረው ይጫወቱ።