ማሲንቆው ሲያርፍ የሚመጣው ሐራራ

ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ። ቅዳሜ ማታ እጄን ታጥቤ የምሄድበት አንድ አዝማሪ ቤት ሰፈራችን ውስጥ አለ። 14 ዓመት ካጨስኩ በኋላ ሲጋራ ካቆምኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ሳቆም ጓደኞቼ «በል እንግዲህ አዝማሪ ቤትም እርም በል» አሉኝ። እኔ ግን ማሲንቆ ሳልሰማ መኖር አልሆነልኝም። እናንተም እንደኔ ከሆናችሁ የጠቀመኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ላይ አትቸኩሉ። ኒኮቲን ሲቀር ሰውነት ክፉኛ የሚረበሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ በሦስት በአራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። እኔ ገና አስር ቀን ሳይሞላኝ ሄጄ፣ ከአንድ ወዳጄ እጅ ተቀብዬ አጨስኩ። በማግስቱ እንደገና ከአንድ ብዬ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ይህ ከደረሰባችሁ «እንግዲህ አበላሸሁት» ብላችሁ ፓኬት አትግዙ። አንዷ አንድ ናት፤ እዚያው ይብቃት።

ሁለተኛው ነገር፣ ሐራራው መቼ እንደሚመጣ ለዩ። እኔ ዘፈኑ የሚያመጣው ይመስለኝ ነበር። ራሴን ሳስተውል ግን ዘፈኑ ሲሞቅ እጄ ያጨበጭባል፣ ትከሻዬም አይቀመጥም፣ ሲጋራ ትዝ አይለኝም። ክፉው ሰዓት አዝማሪው ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጭራውን ሲያጠብቅ ነው። ቤቱ ዝም ይላል፣ ወንበር ይንኳኳል፣ ሁለት ሦስት ሰው ኪሱን እየዳበሰ ወደ በሩ ይሄዳል። ያኔ ጉሮሮዬን ይይዘኛል፤ እግሬም ሳላዘው ይነሳል።

በሩ ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቤት ውስጥ ማጨስ ስለተከለከለ አጫሹ ሁሉ ደጅ ይሰበሰባል። ሲጋራ በፍሬ መሸጥም በዚያው አዋጅ ክልክል ነው፤ ሆኖም ሣጥን አንግቶ በፍሬ የሚሸጥ ልጅ እዚያው አይጠፋም። ስለዚህ ለእኛ ደህናው ቦታ ውስጡ ነው። ቀደም ብላችሁ ግቡና ከአዝማሪው ፊት፣ ለመውጣት አምስት ሰው «ይቅርታ» ማለት የሚያስፈልግበትን ጥግ ያዙ። እኔን ከምንም በላይ ያዳነኝ ይህ ጥግ ነው።

አንድ ጊዜ የመጣ ሐራራ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ቢለኮስም ባይለኮስም ያልፋል። ለእነዚያ ደቂቃዎች አፍና እጅ ሥራ ይፈልጋሉ። ፓኬት እይዝበት በነበረው የሸሚዜ ኪስ አሁን በወረቀት የተጠቀለለ ቅርንፉድ አለ። አንዷን ፍሬ አወጣለሁ፣ ጭንቅላቷን በፊት ጥርሴ ሰበር አደርግና ጉንጬ ሥር አስቀምጣታለሁ። መጀመሪያ ታቃጥላለች፣ ቀጥሎ ምላሴን ደንዘዝ ታደርገዋለች፣ ሽታዋ እስከ አፍንጫዬ ይወጣል። በዚያ አፍ ጭስ መሳብ አያምረኝም። አንዷ ትበቃለች፤ ብዙ ከሆነ አፍ ይልጣል። ቅርንፉድ የማይስማማው ቆሎ ይያዝ።

ለእጅ ደግሞ ዝርዝር ብር። ለሲጋራ ይወጣ የነበረውን ሳምንቱን ሙሉ አጠራቅሜ ለሽልማት አውለዋለሁ። ዕረፍቱ ሲረዝምብኝ ተነስቼ አዝማሪው ግንባር ላይ አንዷን ለጠፍ አደርጋለሁ፤ እሱም ማሲንቆውን ያነሳል። አንድ ቀን በጆሮው «ሲጋራ ትቻለሁ» አልኩት። ወዲያው እንዲህ አለ፦

ጭሱን በር ላይ ጥሎ ወንድማችን መጣ፣
ከእንግዲህ ከደረቱ ዜማ እንጂ ጢስ አይወጣ።

ቤቱ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ የሚዘረጋልኝ ሰው የለም፤ አንድ ልጅ ሊሰጠኝ ቢል ከጎኑ ያሉት እጁን ይዘው ይመልሱታል። እናንተም ለአዝማሪው ንገሩት። አዝማሪ በሌለበትም «እያቆምኩ ነው» አትበሉ፣ ሰው ይከራከራችኋል። «አላጨስም» ካላችሁ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

መጠጡን በተመለከተ ጨከን በሉ። ጠጅም ድራፍትም ውሳኔን ያላላል፤ እኔ ያን ቀን የተሸነፍኩት ሁለተኛው ብርሌ ላይ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት አምቦ ውሃ በሎሚ ይሁን። ቡናም ቀንሱ። የሲጋራ ጭስ ካፌይንን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣው ነበር፤ ስታቆሙ ያው የለመዳችሁት ስኒ ከበፊቱ ይጠነክርባችኋል። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ እናንተም ሐራራ ነው ትላላችሁ።

ሚሊኒየም አዳራሽን በመሰለ ሰፊ ቦታ ኮንሰርት ከሆነም ያው ነው፤ ከመውጫው ርቃችሁ ወደ መድረኩ ተጠጉ፣ ባንድ ሲቀያየር ከማያጨስ ሰው ጋር ሁኑ።

የቀረው የመመለሻው ሰዓት ነው። የእኛ ሰፈር ነፋስ ማታ ይበርዳል፣ ታክሲም ይጠፋል፣ ብርድና መጠበቅ ደግሞ ሲጋራ ይጠራሉ። እኔ መጨረሻው ዘፈን ሳያልቅ ከአንድ የማያጨስ ጎረቤቴ ጋር ተያይዘን በእግር እንወጣለን። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጃኬቴን ተቀብላ አንገትጌውን ታሸታለች። ድሮ በረንዳ ላይ ነበር የምትሰቅለው፤ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልጆቹ ልብስ ጎን ታስገባዋለች።