ትንንሽ ልጆች ተፈጥሮን በስሜት ሕዋሳታቸው እንዲያውቁ እንዴት እንደሚረዷቸው

ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ተፈጥሮን የሚያውቀው ሲነግሩት ሳይሆን ሲነካ፣ ሲያሸት፣ ጆሮውን ሲጥልና ቁጢጥ ብሎ ሲያይ ነው። የአዋቂው ድርሻ ቦታውን መምረጥ፣ አደጋውን ማስወገድና ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ዝምታ ነው። ልጁ ቅጠሉን ገና ሳያገላብጠው ስሙን ከነገሩት ነገሩ ያለቀ ይመስለውና ጥሎት ይሄዳል። ስሙ ቆይቶ፣ ልጁ ራሱ ሲጠይቅ ይምጣ።

ከመውጣትዎ በፊት

ጫካ መሄድ የግድ አይደለም። አንድ ዛፍ፣ ጥቂት ሣርና ባዶ አፈር ያለበት የግቢ ጥግ ይበቃል። ጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሁን፤ ልጁ ሲሰለች ሳይሆን ገና ሳይጠግብ ቢመለሱ ይሻላል። በአንድ ቀን አንድ የስሜት ሕዋስ ብቻ ይምረጡ። አምስቱንም በአንድ ጊዜ ለማዳረስ የሚሞክር ሰው ልጁን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሯሯጥ ይውላል፤ ልጁም አንዱንም በቅጡ ሳይቀምሰው ይመለሳል።

ይዘው የሚወጡት፦ ከ3 እስከ 5 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ስስ ነጭ ወረቀት፣ መጠቅለያው የተላጠ የሰም ቀለም (ክሬዮን)፣ የጨርቅ ከረጢት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውሃና ሳሙና።

ልጁን ከማምጣትዎ በፊት ቦታውን አንድ ጊዜ ይዙሩት። የተሰበረ ጠርሙስ፣ እሾህ፣ የተርብ ጎጆ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል ካለ ይዩ። የአንዳንዶቹ ተክሎች ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ክፉኛ ይጎዳል። ኩሬ ወይም በውሃ የተሞላ ባልዲ ካለ ልጁ ከክንድዎ ርቀት አይውጣ፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃም ሊሰጥም ይችላል።

ማድመጥ

መጀመር የሚሻለው በዚህ ነው፤ ሩጫውንም ያበርዳል። አብረው ይቀመጡና ሁለታችሁም እጃችሁን ጨብጡ። ዓይን ይጨፈን፤ አዲስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንድ ጣት ይዘርጋ። ለታናናሾቹ 30 ሴኮንድ፣ ከ4 ዓመት በላይ ለሆኑት 1 ደቂቃ በቂ ነው። ዓይኑን መጨፈን የሚፈራ ልጅ መሬት መሬቱን ይይ።

ቀጥሎ መዳፉን አጉብጦ ከጆሮው ጀርባ ያድርግ፤ ከፊት ያለው ድምፅ ጎላ ይልለታል። መዳፉን ከጆሮው ፊት አድርጎ ወደ ኋላ ሲያዞረው ደግሞ የኋላው ይጎላል። «ወፏን ሰማሃት?» ብለው አይጠይቁት፤ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ወፏን ብቻ ነው። «ምን ሰማህ?» ይበሉት።

መዳሰስ

ከረጢቱ ውስጥ 4 ወይም 5 ነገሮች ይጨምሩ፦ ለስላሳ ድንጋይ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የወደቀ የዛፍ ቅርፊት፣ ደረቅ እንጨት። ልጁ ሳያይ እጁን አስገብቶ ይንገርዎ፦ ይሻክራል? ይቀዘቅዛል? ድንጋዩና እንጨቱ አንድ ቦታ ቢያድሩም ድንጋዩ የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ ምክንያቱም የእጅን ሙቀት ከእንጨት ይልቅ ቶሎ ይወስዳል። ለልጁ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደጋግሞ ይንካቸው።

ጣቱ ያገኘውን ዓይኑም እንዲያየው ትኩስ ቅጠል ጅማቱ ጎላ ያለበትን ጀርባ ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡ፣ ወረቀቱን ይደርቡ፣ የሰም ቀለሙን በጎኑ አጋድሞ በቀስታ ይፈግፍግበት። መስመሮቹ ካልወጡ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ በጫፉ ስለተያዘ ወይም ወረቀቱ ስለተንሸራተተ ነው፤ ወረቀቱን እርስዎ ይያዙለት። የደረቀ ቅጠል ይሰባበራል፤ አይሆንም።

አፈር መንካት የሚጸየፍ ልጅን አያስገድዱት። መጀመሪያ በእንጨት ይቆፍር፣ ከዚያ በአንድ ጣት ጫፍ ይንካ። የመታጠቢያው ውሃ አጠገቡ እንዳለ ሲያይ ይደፍራል።

ማሽተት

ብዙ ቅጠሎች ሳይታሹ አይሸቱም፤ ሽታ ያለው ዘይት ቅጠሉ ውስጥ ስላለ ሲታሽ ነው የሚወጣው። ጉዳት እንደሌለው በእርግጠኝነት የሚያውቁትን ቅጠል ብቻ ይሹለት። አፍንጫ ሽታን ቶሎ ስለሚለምድ በአንድ ጊዜ ከሦስት አይለፉ፤ በመሃል ትንሽ ንጹሕ አየር ይሳብ። አበባን አፍንጫው ላይ አይለጥፍ፤ ውስጡ ንብ ሊኖር ይችላል።

በደረቅ አፈር ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያፍስሱና ጎንበስ ብሎ ያሽተው። ዝናብ ሲጀምር የምናውቀው ያ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው የአፈር ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሰው አፍንጫ እጅግ ጥቂቱን እንኳ ይለየዋል።

ማየት

ማጉያውን ወደ ዓይን አስጠግቶ የሚታየውን ነገር ወደ መነጽሩ ማምጣት ትክክለኛው አያያዝ ነው። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ይህ ይከብዳል፤ ማጉያውን ነገሩ ላይ አሳርፎ እስኪጠራ ድረስ ቀስ ብሎ ያንሳው። በማጉያ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ፀሐይ ላይ የተረሳ ማጉያም እሳት ያስነሳል።

ቀንድ አውጣ ካገኙ በፕላስቲኩ ዕቃ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ አድርገው ያስቀምጡትና ዕቃውን ከፍ አድርገው ከሥር ይዩት። መንቀሳቀስ ሲጀምር ጠቆር ያሉ መስመሮች ከጅራቱ ወደ ራሱ እየተከታተሉ ሲያልፉ ይታያሉ፤ ጡንቻው ነው የሚገፋው። ልጆች ከዚህ ቶሎ አይነሱም፤ አያጣድፏቸው።

በመስመር የሚሄዱ ጉንዳኖች ካሉ አንድ እርምጃ ርቀው መንገዳቸውን በእንጨት ጫር ያድርጉ። የሚከተሉት ሽታ ስለሚቋረጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው መስመሩን ይቀጥላሉ። ድንጋይ ሲገለብጡ የራቀውን ጠርዝ ይዘው ወደ ራስዎ ያንሱት፤ ከሥሩ የሚወጣው ወደ ማዶ ይሸሻል። ሲጨርሱ እንደነበረ ይመልሱት፤ ለነዚያ ነፍሳት ጣሪያቸው ነው።

መቅመስ

ደንቡ አንድ ነው፤ ከአዋቂ እጅ ያልመጣ ነገር አፍ ውስጥ አይገባም። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉርና የሚያምር ነው፤ ታኝኮ ከተዋጠ ግን ሊገድል ይችላል። ኦሊያንደር የሚባለው የጌጥ ተክል ከሥር እስከ አበባው መርዝ ነው፤ የዱር እንጉዳይም አይነካ። ማስቀመስ ከፈለጉ ራስዎ ከተከሉት የሚበላ ነገር ቆርጠውና አጥበው ይስጡት፤ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ድፍንና ጠንካራ ነገር ስለሚያንቅ በትንንሹ ይቆራረጥ።

ወደ ቤት ከመግባትዎ በፊት ሁለታችሁም እጃችሁን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ታጠቡ። ቀንድ አውጣ ከነኩ ደግሞ ወዲያው እዚያው፣ እጅ ፊት ላይ ሳይደርስ።