«ኤራንድ» የሚለውን ቃል እንደ ዘመኑ ለመተርጎም

«ኤራንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥምዎ አስቀድመው የጽሑፉን ዘመን ይለዩ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ማለትም ከ1100 እ.ኤ.አ. ገደማ በፊት፣ ቃሉ መልእክትን ወይም ተልእኮን እንጂ ጉዞን አያመለክትም ነበር፤ ደብዳቤን «የኤራንድ ጽሑፍ»፣ መልአክንም «የኤራንድ መንፈስ» በሚል ጥምር ቃል ይጠሩ ስለነበር፣ «መልእክት» እና «መልአክ» ከአንድ ሥር ለሚወጡበት ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ «መልእክት» ወይም «ተልእኮ» ይበሉት።

ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ግን ቃሉ ጉዳይ ለመፈጸም የሚደረግ አጭር ጉዞን ወደ ማመልከት ስለወረደ፣ «ተልእኮ» ያገዝፈዋል። ጅማ ውስጥ እናት ልጇን «ሮጥ ብለህ ስኳር ገዝተህ ና» ብላ ሂርማታ ገበያ ዳር ወዳለው ሱቅ ስትሰደው፣ ብሩን በመዳፉ ጨብጦ የሚሮጠው ልጅ «ተላከ» ይባላል እንጂ ተልእኮ ፈጸመ አይባልም (ቢባልም ለቀልድ ነው)። ለአዋቂ «ጉዳይ ሊፈጽም ወጣ» ይበቃል። «የሞኝ ኤራንድ» የሚለውን ፈሊጥ ግን ቃል በቃል ከመገልበጥ «ከንቱ ልፋት» ማለት ይሻላል።