የመካከለኛውን ዘመን ታሪክና ጽሕፈትን በአንድ ላይ ማስተማር፦ ልጆቻቸውን በጋራ ለሚያስተምሩ የጎጃም ክርስቲያን ወላጆች

ባለፉት ዓመታት መደበኛው ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት፣ በደብረ ማርቆስ የምንኖርና በአንድ የጽዋ ማኅበር የምንገናኝ ስድስት ቤተሰቦች ልጆቻችንን በየተራ በየቤታችን እየሰበሰብን ማስተማር ጀመርን። ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን በሙያቸው መምህራን የሆኑት ወላጆች ያዙት፤ ለእኔ የደረሰኝ ታሪክና ጽሕፈት ነበር። ይህን መመሪያ የምጽፈው ተመሳሳይ ጉባኤ ለማቋቋም ለሚያስቡ ወላጆች ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ላይ የማተኩረው ያ ዘመን ለጎጃም ልጅ ሩቅ ስላልሆነ ነው። የጣና ደሴቶች ገዳማት፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ለልጆቻችን በስማቸው የሚታወቁ፣ ዘመድ አዝማድ የሚሳለማቸው ቦታዎች ናቸው።

በመጀመሪያው ክረምት የሠራሁትን ስሕተት አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላው ወላጅ ሊደግመው አይገባምና። ከይኩኖ አምላክ እስከ ልብነ ድንግል ያሉትን ነገሥታት በቅደም ተከተል አስጠናኋቸው። ልጆቹ በቃላቸው ሲወጡት ወላጆች ተደሰቱ፣ እኔም ተደሰትሁ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ስለ አንድ ንጉሥ ግማሽ ገጽ እንዲጽፍ አዘዝሁ። የመጣልኝ ወረቀት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ደግ ንጉሥ ነበር። ብዙ አገር አስገበረ። ቤተ ክርስቲያን አሠራ።» የንጉሡን ስም ብቻ ቢለዋውጡት ጽሑፉ ለሁሉም ይሆናል። ልጆቹ መጻፍ አቅቷቸው አልነበረም፤ የሚጽፉበት ነገር አልሰጠኋቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ታሪክን ለብቻው፣ ጽሕፈትን ለብቻው አስተምሬ አላውቅም። እያንዳንዱ ትምህርት ከአንድ ምስክር ይነሣል፣ በአንድ የተጻፈ ገጽ ይፈጸማል፤ በመካከሉም ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፦ ይህን ማን ተናገረው? መቼስ ተጻፈ?

ምስክር የምለው ከዚያ ዘመን የተረፈውን ወይም ለዚያ ዘመን የቀረበውን ነገር ሁሉ ነው። ስለ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሲማሩ (1314–1344)፣ ንጉሡ በዘመኑ መጀመሪያ ዳሞትንና ጎጃምን ማስገበሩ በሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ውስጥ በሰፈረ ማስታወሻ መመዝገቡን ንገሯቸው። በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ የርስት ጉልትና የመንግሥት ነገር መጻፉ ልጆችን ያስደንቃቸዋል፤ ምክንያቱን እንዲገምቱ ጊዜ ስጧቸው። የዚሁ ንጉሥ የጦርነት ዜና መዋዕል ደግሞ በግእዝ ተጽፎ ይገኛል፤ ለነገሥታቱ የተዘመሩት የአማርኛ ግጥሞችም በአማርኛ ከተጻፉት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ክብረ ነገሥት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ (የአክሱም ጽዮን አስተዳዳሪ) ይስሐቅ ዘመን አሁን በምናውቀው መልክ እንደ ተዘጋጀ ሲነገራቸው፣ ስለ ንግሥተ ሳባ የሚናገረው መጽሐፍና ንግሥቲቱ ራሷ ምን ያህል ዘመን እንደሚራራቁ ያስተውላሉ። ሥዕልም ምስክር ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኝ ሥራ አለው። ለአንድ ክረምት ከስድስት እስከ ስምንት ምስክሮች ይበቃሉ። ከዚያ በላይ መጨመር ወደ ስም ዝርዝሩ መመለስ ነው።

ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት ወላጆች በዘመን አቆጣጠር ላይ ተስማሙ። እኛ ሳንስማማ በመጀመራችን ከአንድ ወላጅ የተማሩት ልጆች ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ነገሠ ሲሉ፣ ከሌላው የተማሩት በ1434 ነገሠ ብለው ሊደባደቡ ደርሰው ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው እንዲያሰሉ አድርጉ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ሌሎች ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በተጨማሪ ለዓመተ ምሕረቱ 5500 ደምሮ ዓመተ ዓለሙን ማግኘት፣ ለአራት አካፍሎም ወንጌላዊውን ማወቅ ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው፦ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ዘርዐ ያዕቆብ በነገሠበት በ1426 ዓ.ም. ድምሩ 6926 ስለሆነና ሁለት ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነበር። ልጆቹ ዓመቱን በግእዝ አኃዝ ፲፬፻፳፮ ብለው በደብተራቸው ኅዳግ ይጻፉት።

አንድ የትምህርት ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የመገልበጥ ነው። ከምስክሩ አራት ወይም አምስት መስመር ተመርጦ ልጆቹ በጥንቃቄ ይገለብጡታል። እኛ ዘንድ ይህን ክፍል የያዙልን በአጥቢያችን ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው። ብዕሩን ከመቃ ይቀርጹላቸዋል፤ ብራና ውድ ስለሆነ በወረቀት እንጽፋለን፣ መስመሩን ግን ቁም ጸሐፊዎች በብራና ላይ እንደሚያደርጉት ያለ ቀለም በወስፌ ጫፍ እየጫንን እናሰምራለን። ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ልጅ ቀለም ለመለወጥ ብዕሩን ባስቀመጠ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ስለሚያነብ፣ መገልበጡ ሳያውቀው ንባብ ይሆንለታል።

የፊደል ነገር የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን አንድ ልጅ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚለውን በንጉሡ «ሠ» እና በዓይኑ «ዐ» ጽፎ አቀረበ። የኔታ አነበቡት፣ ዝም አሉ፣ ከዚያም «ልጄ፣ እመቤታችንን ምን አድርጊልን እያልሃት ነው?» ብለው ጠየቁት። «ለምኝልን ነዋ፣ የኔታ» አለ። «አንተ የጻፍኸው ግን ሥዕል ሣይልን የሚል ነው።» በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ መለመን፣ በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ደግሞ መሣል እንደሆነ፣ እንዲሁም «ሰረቀ» ሌባን፣ «ሠረቀ» ፀሐይ መውጣቷን እንደሚያመለክት የዚያን ቀን የተማሩትን ልጆቹ አልረሱትም። እኔ ይህን ሕግ በሰሌዳ ጽፌ ሦስት ጊዜ አስተምሬው ነበር፤ የያዙት ግን ከእጃቸው በወጣው ስሕተት ነው።

ከመገልበጥ በኋላ መተረክ ይመጣል። ልጁ ወረቀቱን ደፍቶ ያነበበውን በራሱ አማርኛ ይናገራል። የተናገረው ሲያልቅ ሁለቱ ጥያቄዎች ይነሣሉና ውይይት ይደረጋል፤ የቀረው ጊዜ የመጻፊያ ነው። ትንንሾቹ፣ ማለትም ከአሥር ዓመት በታች ያሉት፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከጻፉ በቂ ነው፤ ትልልቆቹ አንድ ገጽ ይጻፉ።

ይህ አካሄድ እንዴት እንደሚሠራ በመርጡለ ማርያም ላሳይ። አብዛኞቹ ልጆቻችን ቦታውን በስም ያውቁታል፤ ሁለቱ ከወላጆቻቸው ጋር ሄደው የቤተ ክርስቲያኑን ጥንታዊ ፍርስራሽና በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጌጥ አይተዋል። ስለዚህ ቦታ ሦስት ምስክሮች አቀረብሁላቸው። የአካባቢው ትውፊት ጅማሬውን ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል። ሁለተኛው ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ስለ እሌኒና በጎጃም ስላሠራችው ቤተ ክርስቲያን ጽፏል። ሦስተኛው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) ያከናወኑት ግንባታ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዘመን ተደራርቧል ማለት ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ በመጀመሪያ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ንግሥት እሌኒ ጥሩ ንግሥት ነበረች። መርጡለ ማርያምን ሠራች። ቤተ ክርስቲያኑ በጣም ያምራል።» አላረምሁትም፤ ጠየቅኋት እንጂ። ከየት መጣች? ከሐድያ። ልብነ ድንግል በ1508 ሲነግሥ ዕድሜው ስንት ነበር? ልጅ ነበር። ታዲያ መንግሥቱን ማን ያዘለት? ያማረውስ ምኑ ነው፣ አንቺ ያየሽው የቱን ድንጋይ ነው? በሁለተኛው ሳምንት ያመጣችው ይህ ነው፦ «ከሐድያ የመጣችው እሌኒ፣ ልብነ ድንግል ልጅ ሳለ መንግሥቱን ጠበቀችለት፤ ወደ ፖርቱጋልም ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ላከች። በመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠራች፤ እኔ በእጄ የነካሁት አበባ የተቀረጸበት ድንጋይ ግን የእርሷ ይሁን ወይም ከእርሷ በኋላ የመጡት ሰዎች ይሁን ገና መጠየቅ አለብኝ።» የመጨረሻው ሐረግ ያስደሰተኝን ያህል ምንም ያስደሰተኝ ጽሑፍ የለም። ልጅቱ የምታውቀውን ካላወቀችው ለይታ አስቀመጠችው።

በዚህ ላይ አንዳንድ ወላጅ ይሠጋል። «ማን ተናገረው፣ መቼ ተጻፈ» ማለት ልጁን ገድልና ተአምር እንዲጠራጠር አያደርገውም ወይ? ይህን ሥጋት በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ እኔም ልጆቼ በእምነት እንዲያድጉ ነው የምደክመው። ነገር ግን ቅዱስ ሉቃስ ወንጌሉን የሚጀምረው ከመጀመሪያው በዓይን ያዩት እንዳስተላለፉትና ሁሉን በጥንቃቄ ተከታትሎ እንደ ጻፈ በመናገር ነው። ምስክርን መጠየቅ የወንጌል ሥርዓት ነው። ስለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስናስተምር፣ ገድሉ ከዕረፍታቸው በኋላ በመንፈሳዊ ልጆቻቸው ወገን የተጻፈ መሆኑን፣ ዓላማውም አማኙን ማነጽ መሆኑን እንነግራቸዋለን። ልጁ ገድልን እንደ ገድል፣ ዜና መዋዕልን እንደ ዜና መዋዕል ማንበብ ሲለምድ ሁለቱንም ያከብራል። ከባድ ነገሮችንም ለትልልቆቹ አንሸሽግ። ስለ ሰንበታት (ቅዳሜና እሑድ) አከባበር የነበረውን ክርክርና በ1450 በደብረ ምጥማቅ የተደረገውን ስምምነት ስናስተምር፣ በዚያው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ማለትም በአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት፣ ላይ የደረሰውን መከራም አስተምረናል። ልጆቹ ብዙ ጠየቁ፤ አንዳንዱን ጥያቄ የኔታ ጭምር ለሚቀጥለው ሳምንት አሳደሩት።

የውጭውን ዓለም ለብቻው ማስተማር አያስፈልግም፤ ከእኛው ዘመን ጎን እየሰፋችሁ አስኪዱት። ከኢየሩሳሌም ገዳም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኝተዋል፤ ቁስጥንጥንያ በ1453 ስትወድቅ በእኛ አገር የነበረው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ረጅም ወረቀት ከላይ የኢትዮጵያን፣ ከታች የሌላውን ዓለም መጻፍ በቂ ነው።

ጎጃም ላይ ሆኖ ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው ቅኔን ቢተው ያሳዝናል። የቅኔ ጉባኤ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት፣ ከየአገሩ የመጣ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጃፋችን የሚቆምበት ምድር ነው። ልጆቻችን ግእዙን ገና ስላልቻሉ፣ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃናን አርአያ አድርገን በአማርኛ ሁለት መስመር ብቻ ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም እንዲሞክሩ እናደርጋለን፤ ርእሱ በዚያ ሳምንት ከተማሩት መሆን አለበት። ብዙዎቹ ሙከራዎች ሰም ብቻ ይሆናሉ፤ አትጨነቁበት። ጥቅሙ ልጁ አንድን ቃል አሥር ጊዜ እያገላበጠ መመዘን መልመዱ ላይ ነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ጉዞ አድርጉ። ወደ ጣና የምትሄዱ ከሆነ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶችን ስለማያስገቡ፣ ሴት ልጆቻችሁ በጀልባ ውስጥ ቀርተው እንዳያዝኑ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሂዱ። በዚያ የሚያዩት የግድግዳ ሥዕል ከመካከለኛው ዘመን በኋላ፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሣለ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥዕል ብቻ መርጦ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሩብ ሰዓት ይመልከት፣ ያየውንም እዚያው ይጻፍ።

የጊዜውን ነገር በአጭሩ ልበል። ከሐምሌ አቦ በኋላ ብትጀምሩ ይሻላል። ጾመ ፍልሰታ ሲገባ ልጆቹ ቅዳሴ ስለሚሄዱ የነሐሴን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ለመገልበጥና ለንባብ ብቻ ተዉት። እርማትን በሚመለከት በአንድ ወረቀት ላይ ከሁለት ነገር በላይ አታርሙ፤ አንዱ የፊደል፣ ሌላው የአሳብ ይሁን።

በመጨረሻው ሳምንት ልጆቹ የክረምቱን ገጾች በክር ይሰፏቸዋል፣ ከካርቶንም ገበታ ያበጁላቸዋል። ከዚያ የጥንት ጸሐፍት በመጽሐፋቸው ፍጻሜ እንደሚያደርጉት፣ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና የት እንደ ተጻፈ፣ ማን እንዳስተማረው በመጨረሻው ገጽ ላይ ያሰፍራሉ። አንዱ ልጅ ስሙን በቀይ ሊጽፍ ሲል የኔታ ያዙትና በጥቁር አስጻፉት። የጻፈው እንዲህ ነበር፦ «ይህ መጽሐፍ በ፳፻፲፮ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በነሐሴ ወር፣ በደብረ ማርቆስ ተፈጸመ። የተሳሳትሁት ካለ አንባቢ ያርመኝ፤ ለየኔታና ለእናቴም ጸልዩ።»