ሰውነት ሲግል፣ ሲያዞር፣ ውሃ ሲጠማ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ደብረ ብርሃን ኖርን ሰመራ፣ የውስጥ ሙቀታችን 37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ውሃው፣ ጨው፣ ስኳሩና የደም ግፊቱም በልክ ይያዛሉ። ልኩ ሲዛባ ምልክት ይመጣል። አስቸጋሪው ነገር ተመሳሳይ ምልክት ተቃራኒ ሕክምና ሊፈልግ መቻሉ ነው።

ሰውነቱ ይፋጃል፣ እሱ ግን ብርድ ብርድ ይለዋል

ምክንያቱ፦ ሙቀትን የሚቆጣጠረው አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ነው። ኢንፌክሽን ሲገባ ልኩን ከ37 ወደ 39 ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ያን ጊዜ 38 ዲግሪ የሆነ ደም ለአንጎል ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ የቆዳ ደም ስሮች ይጠባሉ፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻም እየተንቀጠቀጠ ሙቀት ያመርታል። በኋላ ልኩ ሲወርድ ደግሞ ላብ ያጠምቃል።

መፍትሄው፦ ብርድ ልብስ አትደራርቡበት፤ ሙቀቱን ያፍነዋል። በቀዝቃዛ ውሃም አትንከሩት፤ መንቀጥቀጡ ይብሳል። ሳሳ ያለ ልብስ፣ በቂ ፈሳሽ፣ ካስፈለገም በልኩ ፓራሲታሞል ይበቃል። ፓራሲታሞል ከፍ ያለውን ልክ ያወርዳል እንጂ ወባን አይነካም። ወባ ካለበት አካባቢ የመጣ ሰው ሲያንቀጠቅጠው «ምች ነው» ብሎ በዳማከሴ ማሳደር ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። 3 ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ከደረሰም ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ፀሐይ ላይ ውሎ ሰውነቱ ነደደ፣ ንግግሩ ተምታታ

ምክንያቱ፦ እዚህ ላይ ልኩ አልተነሳም። ማቀዝቀዣው ነው አልችል ያለው። ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው፤ እንደ ጅዳና ዱባይ ባለ ወበቅ ደግሞ ሳይተን ይንጠባጠባል። ሙቀቱ ከ40 አልፎ ሰውየው ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምት ነው። ሥራ ላይ የወደቀ ሰው እያላበውም ሊሆን ስለሚችል ላቡን አይታችሁ አትዘናጉ።

መፍትሄው፦ ከላይኛው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ፓራሲታሞል አይሠራም። ለአምቡላንስ ደውሉ፤ እስኪመጣ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ብብቱ፣ አንገቱና ብሽሽቱ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ።

አእምሮው ንጹሕ ሆኖ ራሱን ብቻ ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ጡንቻው ከተኮማተረ ግን ገና ውሃና ጨው አጥሮት ነው። አሳርፉት። ብዙ ላብ ላፈሰሰ ሰው ውሃ ብቻ በላይ በላዩ መጋት የደሙን ጨው ያቀጥነዋል። ኦአርኤስ የተባለውን የጨውና የስኳር ዱቄት አንድ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ (ከረጢቱ ላይ ሌላ መጠን ካልተጻፈ) ቀስ እያለ ይጠጣ።

ብድግ ሲሉ ያዞራል

ስንቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል። አንገት ላይ ያሉ ግፊት ለኪ ነርቮች ወዲያው ልብን ያፈጥናሉ፣ ደም ስርን ያጠባሉ። ውሃ ካነሰ፣ ደም ማነስ ካለ ወይም የግፊት መድኃኒት ከተወሰደ ማስተካከያው ይዘገያል። መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ። ከተደጋገመ ግፊታችሁን ተቀምጣችሁም ቆማችሁም ተለኩ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ውሃ ጥም አይቆርጥም፣ ሌሊቱን ሽንት ያመላልሳል

የደም ስኳር ወደ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲጠጋ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተዋል። ስኳሩ በሽንት ሲወጣ ውሃውንም ይዞ ይሄዳል። እንዳይመላለሱ ብለው ውሃ የሚቀንሱ አሉ፤ ይህ ድርቀቱን ያባብሳል። ጠጡ፣ ስኳራችሁንም ተመርመሩ። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራው ይደገም። እንዲህ የሚያደርገው ልጅ ከሆነና ማስመለስ ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከጀመረ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።